አንዴ ተጫውተው የሚጨርሱት የግምት ጨዋታ፦ አሠራሩና የሚበላሽባቸው ቦታዎች

አጭር የግምት ጨዋታ ለመሥራት የሚነሳ ሰው ከሁሉ በፊት ሊቀበለው የሚገባ ነገር አለ። ጨዋታው የሚያልቀው ምስጢሩ ሲታወቅ ነው። የሩጫ ወይም የተኩስ ጨዋታ መቶ ጊዜ ቢደገም እጅ እየፈጠነ፣ ዓይን እየሰላ ይሄዳል፤ ድግግሞሹ ራሱ ጣዕም አለው። በግምት ጨዋታ ግን በሥዕሉ ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አንዴ ከታወቀ ያ ሥዕል ለዚያ ሰው ዳግመኛ ጥያቄ አይሆንም። ይህ የዘውጉ ባሕርይ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። ጉድለት የሚሆነው ሰሪው ይህን ለመሸፈን ሲል የ40 ደቂቃ ጨዋታን በግዳጅ መጠበቂያ፣ በሳንቲም መልቀምና በማይረባ ደረጃ ወደ ሦስት ሰዓት ሲለጥጠው ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰው ሆኖ ለሚሠራ፣ ያለውን ጉልበት ሁሉ አንዱን ዙር በማሳመር ላይ ማዋል ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ምስጢሩ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ወይ ማሽኑ ይመርጠዋል (ቁጥር፣ የቀለም ቅደም ተከተል፣ ከቃላት ዝርዝር የወጣ ቃል)፣ ወይም ሰው ጽፎታል፣ ሥሎታል። ማሽኑ የሚመርጠው አያልቅም፤ የሚያልቀው ዘዴው ሲታወቅ ነው። ከ1 እስከ 100 ያለ ቁጥር ማስገመትን እንውሰድ፣ ከእያንዳንዱ ግምት በኋላ «ከፍ» ወይም «ዝቅ» የሚል መልስ ይሰጣል። ሁልጊዜ መሐሉን የሚገምት ተጫዋች በ1 ግምት 1 ቁጥር፣ በ2 ግምት 3፣ በ3 ግምት 7፣ በ5 ግምት 31፣ በ6 ግምት 63፣ በ7 ግምት 127 ቁጥሮችን ይሸፍናል። ስለዚህ 7 ግምት ከተሰጠ ዘዴውን ያወቀ ሰው በፍጹም አይሸነፍም። 6 ከተሰጠ ደግሞ ምንም ሳይሳሳት ከ100 ቁጥሮች በ37ቱ ይሸነፋል። ከስህተት የመጣ ሽንፈት ያስተምራል፤ ከዕጣ የመጣ ሽንፈት ያበሳጫል። ሁለቱም ቁጥሮች መጥፎ ናቸው፤ መፍትሔው ያለው የግምቱን ብዛት በመቀነስና በመጨመር ላይ ሳይሆን መልሱን በማበልጸግ ላይ ነው።

ማስተርማይንድ (የተደበቀ የቀለም ቅደም ተከተል የሚገመትበት ጨዋታ) ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 4 ቦታና 6 ቀለም ሲኖር 1,296 ምስጢሮች ይገኛሉ፤ ያም ሆኖ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ከ5 ግምት በላይ እንደማያስፈልግ አሳይቷል። ምክንያቱ እያንዳንዱ ግምት ሁለት ቁጥሮችን ስለሚመልስ ነው፦ በቀለምም በቦታም የገጠመው ስንት እንደሆነ፣ በቀለም ብቻ የገጠመው ስንት እንደሆነ። ዎርድል (የተደበቀ ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል የሚገመትበት፣ ፊደሉ በቦታው ሲሆን አረንጓዴ፣ ቦታው ሲሳሳት ቢጫ፣ በቃሉ ውስጥ ከሌለ ግራጫ የሚያሳይ ጨዋታ) በ5 ፊደልና በ3 ቀለም 243 ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል (አራቱ አረንጓዴ ሆነው አምስተኛው ቢጫ ሊሆን ስለማይችል 5ቱ ይቀነሳሉ፤ 238 ይቀራል)። «ተሳስተሃል» ብቻ ከሚል ጨዋታ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ስለዚህ አንድም ሥዕል ከመሣሉ በፊት ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ይቀመጡ፦ ስንት ምስጢር ሊኖር ይችላል፣ አንድ ግምት ስንት ዓይነት መልስ ያመጣል፣ ስንት ግምት ይፈቀዳል። የመልሱ ዓይነት በግምቱ ብዛት ልክ እርስ በርሱ ሲባዛ ከምስጢሩ ብዛት ካነሰ፣ ጨዋታው ዕጣ ነው። እጅግ ከበለጠው ደግሞ ወይ ግምቱን መቀነስ፣ ወይም ምስጢሩን ማብዛት ይገባል።

የጥያቄ ቋት

ሰው የጻፈው ምስጢር ሲሆን የመጀመሪያው ስህተት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በአወጣጡ ላይ ነው። 50 ጥያቄዎች ያሉት ቋት ይኑር፤ አንድ ዙር 10 ጥያቄ ይሁን። ኮዱ በየጊዜው ከ50ው አንዱን በዘፈቀደ የሚያወጣ ከሆነ፣ በአንዱ ዙር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥያቄ የመደገሙ ዕድል 62 ከመቶ ነው። ይህን ያወቀ ሰሪ በዙሩ ውስጥ እንዳይደገም ያደርግና ሁለተኛውን ዙር እንደገና ከ50ው ይጀምረዋል። ያኔ ሁለተኛው ዙር በአማካይ 2፣ ሦስተኛው ደግሞ 3.6 የታወቁ ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል። ተጫዋቹ በሦስተኛው ዙር «አለቀ» ብሎ ይዘጋዋል፤ ከ50ው ግን ገና 24 ያህሉን ብቻ ነው ያየው። የተሠራው ሥራ ግማሽ ያህሉ ሳይታይ ቀረ ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ቋቱን እንደ ካርታ አንዴ መበወዝ፣ ቅደም ተከተሉንና የተደረሰበትን ቦታ ማስቀመጥ፣ እስኪያልቅ ከላይ ከላይ ማውጣት ነው። ሲበወዝ ከመጨረሻው ካርታ ተነስቶ ወደ መጀመሪያው እየሄዱ፣ እያንዳንዱን ካርታ ገና ካልተነኩት አንዱ ጋር (ራሱም ይቆጠራል) ማቀያየር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስህተት በየደረጃው ከሁሉም ካርታዎች መካከል አንዱን መምረጥ ነው። በ3 ካርታ ሲታይ ይህ 27 መንገዶችን ይፈጥራል፣ ቅደም ተከተሎቹ ግን 6 ናቸው፤ 27 ለ6 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል አንዳንዱ ቅደም ተከተል ከሌላው ይበዛል። ዝርዝሩን «በዘፈቀደ በማወዳደር» መደርደርም ተመሳሳይ ችግር አለው።

ግምቱ የሚቀመጠው ተጫዋቹ እንዳስገባው ወዲያው ነው፤ ትክክል ወይም ስህተት መሆኑን የሚያሳየው የአረንጓዴና የቀይ አኒሜሽን ካለቀ በኋላ ከሆነ፣ ቀይ ሲጀምር ጨዋታውን ዘግቶ የሚከፍት ሰው ነጻ ግምት ያገኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች አይበወዙ። እነሱ ሕጉን የሚያስተምሩ ናቸው፤ አንደኛው ማንም የሚያውቀው፣ ሁለተኛው አንድ ስህተት የሚፈትን፣ ሦስተኛው ፍንጭ እንዲጠየቅ የሚያደርግ ይሁን።

እየሞከሩ እንዳይፈቱት

ምርጫ ያለው ጥያቄ ለመሥራት ይቀላል፣ ጨዋታውን ግን ይበላዋል። አራት ምርጫ ሲኖር ዓይኑን ጨፍኖ የሚነካ ሰው ከ10 ጥያቄ በአማካይ 2.5 ያገኛል፤ እንደገና መሞከር ከተፈቀደ ደግሞ ምንም ሳያስብ ሁሉንም ይጨርሳል። ትልልቆቹ የዘውጉ ሥራዎች ይህን የዘጉበት መንገድ ሊጠና ይገባዋል። የሉካስ ፖፕ «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» (እ.ኤ.አ. 2018) 60 ሰዎች የነበሩባትን መርከብ ታሪክ ያስገምታል፤ ተጫዋቹ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥለት ግን የሦስት ሰዎች ዕጣ በትክክል ሲሞላ ብቻ ነው። አንድ በአንድ ቢያረጋግጥ ኖሮ ለአንድ ሰው ቢበዛ 60 ስም መሞከር ይበቃ ነበር። ሦስት አንድ ላይ ሲሆን ስሞቹን ብቻ እንኳ በ205,320 መንገድ መደርደር ይቻላል፤ እየሞከሩ መፍታት ትርጉም ያጣል። «ዘ ኬዝ ኦፍ ዘ ጎልደን አይዶል» (እ.ኤ.አ. 2022) ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል፦ የቀሩት ስህተቶች ሁለት ወይም ከዚያ በታች ሲሆኑ ይናገራል፣ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይናገርም። የተቃረበ ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ያደርገዋል፣ ከሩቅ የሚሞክረውን ግን አይረዳም።

ለትንሽ ጨዋታ ሦስት በሦስት ማረጋገጥ ከሁሉ ይቀላል። 12 ሥዕሎች ካሉ በአራት ገጽ ይከፈሉ፣ እያንዳንዱ ገጽ የሚከፈተው ሦስቱም ሲገጥሙ ይሁን። አራት ወይም አምስት በአንድ ላይ ማድረግ ግን አይመከርም፤ አንዷ የሥዕል ጥፋት አራት ትክክለኛ መልሶችን ይዛ ትቆማለች፣ ተጫዋቹም የተሳሳተውን ለማግኘት ትክክሉን ማፍረስ ይጀምራል።

የሳም ባርሎው «ኸር ስቶሪ» (እ.ኤ.አ. 2015) ያለውን ይዘት ሳይለጥጥ እንዴት እንዳረዘመው መመልከትም ይጠቅማል። ተጫዋቹ ቃል እየጻፈ የቪዲዮ ቁራጮችን ይፈልጋል፣ ጨዋታው ግን የሚያሳየው ከተገኙት የመጀመሪያዎቹን 5 ብቻ ነው። የቀሩትን ለማየት ሌላ፣ ጠበብ ያለ ቃል መገመት ያስፈልጋል። አንዲት ትንሽ ገደብ ፍለጋውን ግምት አደረገችው።

ፍንጭ ሦስት ደረጃ ቢኖረው ይበቃል። የመጀመሪያው ዓይንን ወደ አንድ ቦታ ይመራል («ጥላውን ተመልከቱ»)፣ ሁለተኛው የሚሆኑ የሚመስሉ መልሶችን ያስወጣል፣ ሦስተኛው አንድ ፊደል ይሰጣል። ከዚያ በኋላ «መልሱን አሳየኝ» መኖር አለበት። በረጅም ጨዋታ የተቸገረ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ ይመለሳል፤ በአጭር ጨዋታ ሌላ ቦታ ስለሌለ ይዘጋና አይመለስም።

መልሱ በፊደል ሲጻፍ

መልሱ እንዲጻፍ ከተወሰነ ከባዱ ሥራ እዚህ ነው፤ በአማርኛ የሚሠሩ ጨዋታዎች በብዛት የሚወድቁትም እዚሁ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ግን ፀ ወይም ጸ፣ ቀጥሎ ሐ፣ ሓ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ ወይም ኃ ሊመጣ ስለሚችል በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ተጫዋቹ መልሱን አውቆት «ተሳስተሃል» ከተባለ እምነቱን ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ስህተት በጨዋታው ላይ ነው የሚያላክከው። ስለዚህ የተጻፈውም የተቀመጠውም መልስ ከመነጻጸራቸው በፊት ወደ አንድ መልክ ይምጡ፦ የሐና የኀ ቤተሰብ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ በሀና በአ ቤት ውስጥ ደግሞ ግዕዙና ራብዑ አንድ ይሁኑ (ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ)። ቁዋ ወደ ቋ፣ ጉዋ ወደ ጓ ይሰብሰብ። ክፍት ቦታ፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ከጫፍና ከጫፍ ይነቀሉ።

ከዚህ ያለፈውን ስህተት ለማወቅ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ደንብ) ራሱ ይረዳል። ዋናው የፊደላችን ክፍል ከ4608 እስከ 4991 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ ነው፤ አብዛኛው የፊደል ቤትም ስምንት ስምንት ቦታ ይዟል። የፊደሉ ቁጥር ለ8 ሲካፈል ድርሻው ቤቱን፣ ቀሪው እርባታውን ይነግራል፤ 0 ግዕዝ ነው፣ 3 ራብዕ፣ 5 ሳድስ። ላ 4619 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 577 ደርሶ 3 ይቀራል፣ ማለትም የለ ቤት ራብዕ። ም 4637 ነው፤ 579 ደርሶ 5 ይቀራል፣ የመ ቤት ሳድስ። በዚህ ዘዴ ተጫዋቹ የጻፈው ቃል በቤት ገጥሞ በእርባታ ብቻ የተሳሳተ መሆኑ ይታወቃል። ያኔ ግምት ሳይቆረጥበት «ተቃርበሃል፣ አጻጻፉን እይ» ማለት ይቻላል።

ለእንግሊዝኛ የተለመደውን «አንድ ፊደል ቢሳሳት እለፈው» የሚለውን ሕግ እንዳለ ማምጣት ግን አደገኛ ነው። የኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዟል። በሦስት ፊደል ቃል አንድ ፊደል ማለፍ ማለት የቃሉን ሲሶ ማለፍ ነው፤ «ሰላም» ተብሎ ሲጠየቅ «ሰላሳ» ያልፋል። ከ5 ፊደል በታች ለሆነ ቃል የእርባታ ስህተት ብቻ ይታለፍ።

እንደ ዎርድል ያለ የቃል ጨዋታ በፊደል ሲሠራም ይኸው ነገር ይመጣል። ሦስት ቀለም ብቻ ካለ፣ ለ የሚለው ቦታ ላይ ሉን ያስገባ ሰው ግራጫ ያያል፣ ከለ ቤትም ፈጽሞ ይርቃል። አራተኛ ቀለም ያስፈልጋል፦ «ቤቱ ልክ ነው፣ እርባታው አይደለም»። በ4 ፊደል ቃል ሦስት ቀለም 81 ዓይነት መልስ ሲሰጥ አራት ቀለም እስከ 256 ይሰጣል፤ ጨዋታው ከማይቻል ወደሚቻል ይመጣል። ኪቦርዱ ላይ 33ቱ ቤቶች ብቻ ይታዩ፣ አንዱ ሲነካ ሰባቱ እርባታዎች ይዘርጉ።

ሁለት የቴክኒክ ወጥመዶች ጊዜ ይበላሉ። አንደኛው፣ ኮዱ የቁልፍ ምት በቀጥታ የሚያዳምጥ ከሆነ በፊደል ኪቦርድ የሚጽፍ ሰው ፊደሉ ሳይሆን የላቲኑ ቁልፍ ነው የሚደርሰው። እውነተኛ የጽሑፍ ሳጥን መጠቀምና ፊደሉ ተሠርቶ እስኪያልቅ መጠበቅ ይገባል። ሁለተኛው ፎንት ነው። በሰሪው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፎንት ተውሶ ሲሠራ የቆየ ጨዋታ በብራውዘር ሲወጣ ባዶ ሳጥን ብቻ ያሳያል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ ፎንት ከጨዋታው ጋር አብሮ መግባት አለበት፤ በዩኒቲ (የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም) የጽሑፍ መሣሪያ በቴክስትሜሽ ፕሮ የሚሠራ ሰው ደግሞ የፎንቱን አትላስ (የፊደላቱን ቅርጾች የሚይዘውን ምስል) ሲያዘጋጅ ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ክልል ማስገባቱን ያረጋግጥ።

ሞካሪ አንዴ ነው የሚያገለግለው

ምስጢሩን ያየ ሰው ዳግመኛ ሊሞክር አይችልም። 12 ፈቃደኛ ሰዎች ቢገኙ ሁሉንም በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ መጨረስ ትልቅ ብክነት ነው። በሦስት በሦስት ይከፈሉ፣ አራት ዙር እርማት ይገኛል። አጠገባቸው ሆኖ መመልከት ጥሩ ነው፤ አፍ ግን ዝግ ይሁን። አንድ ቃል ከተናገሩ ያ ጥያቄ ለዚያ ሰው ተበላሸ።

ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ የተሳሳቱ መልሶች መዝገብ ነው። እያንዳንዱ የተሳሳተ ግምት እንደተጻፈ ይቀመጥ። ሦስቱም ሰዎች ለአንድ ሥዕል አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ከሰጡ፣ ያ መልስ ወይ ተመሳሳይ ፍቺ ያለው ትክክለኛ ቃል ነው፣ ወይ ሥዕሉ ያታልላል። የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ተቀባይነት ዝርዝሩ ይግባ፤ ሁለተኛው ከሆነ ሥዕሉ ይታረም። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ነገር ከገመቱ ፍንጩ ደካማ ነው። ሦስቱም ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ካገኙት ወደ መጀመሪያው ይዛወር። ማንም ያላገኘው ደግሞ ምንም ያህል ቢወደድ ይውጣ። ከ50 ጥያቄ 38 ጥሩዎች ቢቀሩ ጨዋታው ተሻሻለ እንጂ አላነሰም።

ርዝመቱን በግልጽ መናገር

ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች የኢንተርኔት መደብር ላይ የተገዛ ጨዋታ በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት በታች ተጫውተውት ከሆነ ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል። የ40 ደቂቃ ጨዋታን ጨርሶ መመለስ ይቻላል ማለት ነው። ብዙ ሰሪዎች ይህን ፈርተው ነው ጨዋታውን የሚለጥጡት፤ ተጫዋቹ ግን የተለጠጠውን ወዲያው ይለየዋል። የሚሻለው በመሸጫ ገጹ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ በግልጽ መጻፍ ነው፦ «ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ መልሶቹ ከታወቁ በኋላ እንደ አዲስ አይጫወትም»። የሚያዝነው ሰው ስድስት ሰዓት ጠብቆ አንድ ሰዓት ያገኘው ነው። ኢች ዶት አዮ በተባለው ሌላ የጨዋታ መደብር ላይ ደግሞ ገዢው የፈለገውን እንዲከፍል ማድረግ ስለሚቻል ለእንዲህ ያለ ሥራ ይመቻል።

ናሙና ሲዘጋጅ ከዋናው ቋት ጥያቄ አይወሰድ። ከ38ቱ 8ቱን በናሙና የሰጠ ሰው የሚሸጠው 30 ነው፣ ገዢውም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚያውቀውን እየደገመ ያሳልፋል። በሙከራ ጊዜ ከወጡት መካከል ቀላል ስለሆኑ ብቻ የወጡት ለናሙና ተስማሚ ናቸው።

ሁለተኛ ዙር የሚሰጡ ነገሮች

በቀን አንድ ጥያቄ የሚለው መንገድ የሚሠራው ቋቱ ሰፊ ሲሆን ብቻ ነው። ዎርድል ሲጀምር ወደ 2,315 የሚጠጉ መልሶች ነበሩት፤ በቀን አንድ ሲወጣ ከስድስት ዓመት በላይ ነው። 38 ሥዕል ያለው ሰው ግን ከ38 ቀን በኋላ ባዶ ነው። የቀን ጨዋታ ከተሠራ መልሶቹን በሙሉ በገጹ ኮድ ውስጥ ማስቀመጥ ማለት የነገውን መልስ ለፈለገ ሁሉ መስጠት መሆኑም አይዘንጋ፤ ቀኑም ከተጫዋቹ ስልክ የሚነበብ ከሆነ ሰዓቱን ወደፊት የሚገፋ ሰው ነገን ዛሬ ያየዋል።

ለትንሽ ቡድን የሚሻለው ምስጢሩን ለተጫዋቾች መስጠት ነው። አንዱ ቃል ይጽፋል ወይም ይሥላል፣ ጨዋታው ሊንክ ይሠራለታል፣ ሌላው ይገምታል። ይዘቱ አያልቅም፣ ሰሪውም አንድም ተጨማሪ ጥያቄ አይጽፍም። መልሱ በሊንኩ ውስጥ ሲገባ በቤዝ64 (ጽሑፍን ወደ ሌላ የፊደልና የቁጥር መልክ በሚቀይር የታወቀ አጻጻፍ) መለወጥ ምስጢር አያደርገውም፤ ማንም ይፈታዋል። በጓደኛሞች መካከል ይህ ችግር አይደለም፣ የነጥብ ሰንጠረዥ ካለ ግን መልሱ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ።

ከሁሉ የቀለለውና ብዙ ሰሪ የሚረሳው ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ «ለአዲስ ሰው አስጀምር» የሚል ቁልፍ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ የወደደው ሰው የሚያደርገው ስልኩን አጠገቡ ላለ ሰው መስጠት ነው፣ ራሱም ዝም ብሎ ያያል። ቁልፉ ሲነካ የተበወዘው ቅደም ተከተል፣ የተፈቱት፣ የተጠየቁት ፍንጮችና የተከፈቱት ገጾች በሙሉ ይጥፉ፤ የድምፁ መጠንና የጽሑፉ ትልቀት ግን እንዳሉ ይቆዩ። ያለፈው ተጫዋች መልሶች በጽሑፍ ሳጥኑ የጥቆማ ዝርዝር ውስጥ እንዳይወጡም የብራውዘሩ ራስ-ሙላ በሳጥኑ ላይ ይዘጋ።